የዲጂታል ፎቶ ጀርባ

የስቱዲዮ ፎቶ ጀርባ አለው። ከአልበም አውጥታችሁ ስትገለብጡት በሰማያዊ እስክሪብቶ የተጻፈ ነገር ታገኛላችሁ፦ «ለማስታወሻ»፣ ከሥሩ ቀን፣ አንዳንዴም ፊርማ። ከፊት የቆመው ሰው ማን እንደሆነ የሚነግረን ጀርባው ነው። ኮምፒውተር ውስጥ ያለ ፎቶ ግን አይገለበጥም። ታዲያ ስሙ የት ይጻፋል?

ጥያቄው ተራ ይመስላል። ነገር ግን ያለፉት ሠላሳ ዓመታት የፎቶ ሶፍትዌር ታሪክ፣ ከተራቀቀው ጌጡ ስታወርዱት፣ ለዚህ ጥያቄ የተሰጡ ሦስት መልሶች ታሪክ ነው፦ ስሙ እዚያው ፋይሉ ውስጥ ይጻፍ፣ ከፋይሉ አጠገብ ይቀመጥ፣ ወይስ ሰው ቤት ይደር? የትኛውን እንደመረጣችሁ የምታውቁት ደግሞ አዲስ ኮምፒውተር የገዛችሁ ቀን ነው። (ከዚህ በታች ያሉት ዓመታት «ዓ.ም.» ካላልኩ በቀር የፈረንጆቹ ናቸው።)

መጀመሪያ ላይ ይህ ችግር አልነበረም፤ ፎቶው ራሱ ጥቂት ነበር። የኮዳኩ ኢንጂነር ስቲቭ ሳሰን በ1975 የሠራው ዲጂታል ካሜራ 3.6 ኪሎ ገደማ ይመዝን ነበር፤ አንዲት ጥቁርና ነጭ ምስል ካሴት ላይ ለመቅዳት 23 ሰከንድ ይፈጅበታል። አፕል በ1994 ለገበያ ያወጣው ኩዊክቴክ 100 እንኳ በጥሩ ጥራት የሚይዘው 8 ፎቶ ብቻ ነበር። ስምንት ፎቶ ያለው ሰው አደራጅ ፕሮግራም ምን ያደርግለታል? ሁሉንም በቃሉ ያውቃቸዋል። ጣጣው የመጣው ስምንቱ ስምንት ሺህ ሲሆኑ ነው።

ለዚያ መንገዱን የጠረጉት ሦስት ስምምነቶች ናቸው። በ1992 የጸደቀው ጄፔግ ፎቶን አሳንሶ መያዝ አስቻለ። በ1995 ጃፓን ውስጥ የወጣው ኤግዚፍ ደግሞ ካሜራው የተነሳበትን ቀንና ሰዓት፣ የካሜራውን ዓይነትና የመሳሰለውን ምስሉ ባለበት ፋይል ውስጥ እንዲጽፍ ደነገገ። ሦስተኛው በ1998 የመጣው የፋይል አቀማመጥ ደንብ ነው። ስልካችሁን ከኮምፒውተር ጋር ስታገናኙ «ዲ.ሲ.አይ.ኤም» የሚል ፎልደር ታያላችሁ አይደል? እሱ የዚያ ደንብ ቅርስ ነው። በደንቡ መሠረት የአንድ ፎቶ ስም አራት ፊደልና አራት አሃዝ ነው፤ ቁጥሩ 9999 ሲደርስ እንደገና ከ0001 ይጀምራል። ለዚህ ነው የሁለት ካሜራ ፎቶዎችን አንድ ፎልደር ውስጥ ስትገለብጡ ኮምፒውተሩ «ይህ ስም አለ፣ ልተካው?» ብሎ የሚጠይቃችሁ። ካሜራ የሚሰጠው ስም ስም አይደለም፤ ተራ ቁጥር ነው። መቼ እንደተነሳ ያውቃል፣ ማን እንደተነሳ ግን አያውቅም።

የዲጂታል ፎቶ ጀርባ ግን እዚህ ጋ ተወልዷል። ኤግዚፍና በጋዜጠኞች ዓለም የተለመደው የመግለጫ ጽሑፍ ቦታ ምስሉን ሳይነኩ ከምስሉ ጋር አብረው ይጓዛሉ። የቀረው ነገር ተራው ሰው እዚያ ላይ የሚጽፍበት እስክሪብቶ ብቻ ነበር።

እስክሪብቶው ከትልልቅ ኩባንያዎች ብቻ አልመጣም። ኢርፋን ስኪልያን ከቦስኒያዋ ያይጼ ከተማ የሄደ፣ ቪየና የተማረ ሰው ነው። በ1996 ኢርፋንቪው የሚባል የፎቶ መመልከቻ ሠርቶ ለግል አገልግሎት በነጻ ለቀቀው። መጫኛው ጥቂት ሜጋባይት ብቻ ነው፤ ጠቅ ስታደርጉት ወዲያው ይከፈታል፤ መቶ ፎቶ በአንድ ጊዜ ስማቸውን ይቀይራል፣ መጠናቸውን ይቀንሳል። እስካሁንም አለ።

ቀላልነቱ ለምን ዋጋ እንዳለው ለመረዳት የዘመኑን ማሽን ማስታወስ ነው። በ2001 የወጣው ዊንዶውስ ኤክስፒ የሚመክረው ራም 128 ሜጋባይት ነበር። ዛሬ አንድ የብሮውዘር ታብ ብቻውን ከዚያ በላይ ሊበላ ይችላል። እንዲህ ባለ ኮምፒውተር ላይ ከካሜራው ጋር በሲዲ የመጣውን ከባድ ፕሮግራም ከጫናችሁ፣ ፎቶው እስኪከፈት ቡና ይፈላል። እኛ ጋ ደግሞ ሌላ ምክንያት ነበር። ኢንተርኔት ካፌ በደቂቃ ሲታሰብ፣ ትንሽ ፕሮግራም ማለት ወርዶ የሚያልቅ ፕሮግራም ማለት ነው። አንዴ ከወረደ በኋላ በፍላሽ ከቤት ቤት ይዞራል። አዲስ ኮምፒውተር የገዛ ሰው ቤት ፍላሽ ይዞ የሚመጣ ዘመድ ወይም ጎረቤት አይጠፋም ነበር። በኛ ቤተሰብ ያ ሰው እኔ ነኝ፤ እስከ ዛሬ ላፕቶፕ ሲገዛ ፎቶ የማዛወር ሥራ ለኔ ይተዋል።

ከዚያ ፒካሳ መጣ። በ2002 ካሊፎርኒያ፣ ፓሳዲና ውስጥ በአንድ ትንሽ ኩባንያ የተጀመረ ነው። ስሙ ከሰዓሊው ከፒካሶና «ቤቴ» ከሚለው የስፓኒሽ ቃል ተዳቅሎ እንደወጣ ይነገራል። ጎግል በ2004 ገዝቶ በነጻ አደለው። ፒካሳ አንድ ብልህ ነገር አደረገ፦ ፎቶዎቻችሁን ወደ ራሱ ጎተራ አላስገባም። ያሉበት ፎልደር ውስጥ ትቷቸው፣ እሱ ዝርዝራቸውን ብቻ ያዘ። ፎቶ ስትቆርጡ ወይም ስታበሩም ዋናውን አይነካም፤ «ከዚህ እስከዚህ ተቆርጧል» የሚል ማስታወሻ እዚያው ፎልደር ውስጥ በተደበቀች ትንሽ የጽሑፍ ፋይል ላይ ያሰፍራል። ፈጣን የሆነውም ለዚህ ነው። ስምንት ሺህ ፎቶ በደካማ ማሽን ላይ እንደ ጋቢ ሲዘረጋ ማየት ያኔ ተአምር ይመስል ነበር።

ይሁንና ሦስቱ መልሶች በዚህ አንድ ፕሮግራም ውስጥ ተገናኝተዋል። ከጄፔግ ፎቶ ሥር የምትጽፉት መግለጫ ፋይሉ ውስጥ ይገባል። ኮከብ የሰጣችሁት፣ የቆረጣችሁት፣ ያስተካከላችሁት ከፋይሉ አጠገብ፣ በዚያች በተደበቀች ማስታወሻ ላይ ይቀመጣል። በ2009 የፊት መለያ ሲጨመር ደግሞ «ይህች እህቴ ናት» ብላችሁ የሰጣችሁት ስም በአብዛኛው ከፎቶው ውጭ፣ በፕሮግራሙ ማስታወሻና መዝገብ ይያዝ ነበር። ስክሪኑ ላይ ሁሉም አንድ ይመስላሉ። ልዩነታቸው የሚታየው ፎቶው ከዚያ ቤት ሲወጣ ነው። በፒካሳ የተቆረጠ ፎቶ፣ «አስቀምጥ» ተብሎ ካልታዘዘ በቀር፣ በሌላ ፕሮግራም ሲከፈት እንደ ጥንቱ ሙሉ ሆኖ ይመጣል። ከፎልደሩ ውስጥ የሚታዩትን ፎቶዎች ብቻ መርጦ የሚገለብጥ ሰው የተደበቀችውን ፋይል እዚያው ትቷት ይሄዳል።

ይህ የቴክኒክ ወሬ ብቻ እንዳይመስላችሁ። አንድ አጎት ነበሩኝ። ጡረታ ከወጡ በኋላ ዋና ሥራቸው ፎቶ መሰየም ሆነ። የሠርጉን፣ የክርስትናውን፣ የተስካሩን ፎቶ አንድ በአንድ እየከፈቱ ከሥር መግለጫ ይጽፋሉ። አማርኛውን የሚጽፉት በላቲን ፊደል ነበር፤ ኮምፒውተራቸው የግዕዝ ፊደል አያሳይም ነበርና። «ከግራ ሁለተኛዋ የጎረቤታችን እናት፣ እድርም አብረን ነበርን» ዓይነት ነገር። እሳቸው ካረፉ በኋላ ልጃቸው አዲስ ላፕቶፕ ገዛችና ፎቶዎቹን እኔ አዛወርኩ። ኢርፋንቪው ላይ የአንዱን ፎቶ የመረጃ መስኮት ስከፍት መግለጫው አለ። ሁለተኛውም፣ ሦስተኛውም አለ። ከእሳቸው በቀር የነዚያን ሰዎች ስም አሟልቶ የሚያውቅ በቤተሰቡ ውስጥ አልቀረም ነበር። «በቃል ያለ ይረሳል፣ በጽሑፍ ያለ ይወረሳል» ይባል የለ? እኔ የምጨምርበት አንድ ነገር ብቻ ነው፦ የሚወረሰው ከፎቶው ጋር አብሮ የሚሄድ ቦታ ላይ ሲጻፍ ነው።

የፊደሉ ነገር የራሱ ታሪክ አለው። ግዕዝ የዩኒኮድ አባል የሆነው በ1999 ነው፤ ዊንዶውስ ግን ፊደላችንን ኒያላ በሚባል ፎንት ከነሙሉ ቤተሰቡ ይዞ የመጣው ከቪስታ ጋር፣ በ2007 ነው። ከዚያ በፊት ፎልደሩን በአማርኛ ብትሰይሙት ፎንት የሌለበት ኮምፒውተር ላይ ባዶ ሳጥን፣ ዩኒኮድ የማያውቅ ፕሮግራም ላይ ደግሞ የጥያቄ ምልክት ሰልፍ ይሆንባችኋል። አሁን ያ ቀርቷል። ግን ሌላ ነገር አለ። ፎልደሮቻችሁን በወር ስም ብትሰይሙ ኮምፒውተሩ በፊደል ተራ ስለሚደረድር ሐምሌ ከመስከረም ይቀድማል፣ ጥር ከየካቲት በኋላ ይመጣል። አንዱን «ሠርግ» ሌላውን «ሰርግ» ብላችሁ ከጻፋችሁ ደግሞ አብዛኛው ተራ ፍለጋ አንዱን አግኝቶ ሌላውን ያልፈዋል፤ ለኛ አንድ ድምፅ የሆነው ለማሽኑ ሁለት ፊደል ነው።

ቀኑም እንዲሁ ነው። ኤግዚፍ አንድ የዘመን አቆጣጠር ብቻ ያውቃል፤ ጳጉሜን ብሎ ነገር አልሰማም፤ ጠዋት አንድ ሰዓት ላይ የተነሳውንም 7 ሰዓት ብሎ ይመዘግበዋል። «2009-05-11» የሚል ፎልደር ብታዩ ምን ትላላችሁ? ፈረንጁ በ2009 ሜይ 11 ቀን ይላል። ጥር 11 ቀን 2009 ዓ.ም. ማለትም ጥምቀት ከሆነ ግን በፈረንጆቹ ጃንዋሪ 19 ቀን 2017 ነው። በመካከላቸው ከሰባት ዓመት ተኩል በላይ አለ። «2009-05-11 ዓ.ም. ጥምቀት» ብሎ መጻፍ ሁለት ቃል ብቻ ነው የሚጨምረው፤ ሃያ ዓመት ቆይቶ ለሚከፍተው ሰው ግን ክርክሩን ይዘጋለታል።

ሦስተኛው መልስ፣ ሰው ቤት ማሳደር፣ የበላይነቱን የያዘው ከ2015 ጀምሮ ነው። በዚያ ዓመት ሜይ ወር ጎግል ፎቶስ ወጣ፤ ጥራቱ በመጠኑ ለሚቀነስ ፎቶ ገደብ የሌለው ነጻ ቦታ ሰጠ። በማግስቱ ዓመት፣ ማርች 15 ቀን 2016፣ ማለትም መጋቢት 6 ቀን 2008 ዓ.ም.፣ ለፒካሳ የኮምፒውተር ፕሮግራም ይሰጥ የነበረው ድጋፍ ተቋረጠ። ገደብ የለሹ ነጻ ቦታም ከጁን 1 ቀን 2021 በኋላ ለሚገቡ ፎቶዎች አበቃ፤ አሁን ፎቶው ከኢሜይሉና ከሌላው ፋይል ጋር 15 ጊጋባይቱን ይጋራል። ይህን የምለው ክላውድን ለማውገዝ አይደለም። ስልክ በተሰረቀ፣ ሃርድ ዲስክ በተቃጠለ ቀን ክላውድ ባለውለታ ነው። ግን አደራ እና ርስት ይለያያሉ። አደራ ተቀባዩ ደንቡን መቀየር ይችላል፤ ርስት ግን የትም ይዛችሁት ትሄዳላችሁ።

የኛ ትውልድ ፎቶ ደግሞ የሚኖረው ካሜራ ውስጥ ሳይሆን ቴሌግራም ውስጥ ነው። የሠርግ ፎቶ ግሩፕ ላይ ይለጠፋል፣ ሁሉም ያወርዳል፣ በቃ። ነገሩ ግን፣ ቴሌግራም ላይ እንደ ፎቶ የተላከ ፎቶ ይታመቃል፣ የተነሳበት ቀንና መግለጫው ይራገፋል። ጀርባው ተልጦ ነው የሚደርሳችሁ። «እንደ ፋይል ላክ» የሚለውን ስትመርጡ ግን ከነጀርባው ይደርሳል። ዋትስአፕ በስልካችሁ ላይ የሚያስቀምጠው ፎቶም በፋይል ስሙ ላይ የሚይዘው ቀን ሁልጊዜ የተነሳበት ቀን አይደለም፤ ከዱባይ ወይም ከዋሽንግተን ዘንድሮ የተላከ የአሥር ዓመት ፎቶ የዘንድሮ ቀን ይለብሳል።

ዛሬ አዲስ ላፕቶፕ ለሚገዛ ሰው ታሪኩ የሚያስተምረው ይኸው ነው። ፕሮግራሞች ይሄዳሉ፤ ቀላሎቹ ይቆያሉ ማለትም አይደለም፣ ፒካሳ ቀላል ነበር። የሚቆየው ከፕሮግራሙ ጋር የማይሞት ቦታ ላይ የተጻፈው ነው። ለዚህ ብዙ ነገር አያስፈልግም። ኢርፋንቪው አለ፤ ሰፋ ያለ ለሚፈልግ በነጻ የሚገኘው ዲጂካም አለ፤ ዊንዶውስ ላይ ደግሞ ምንም ሳትጭኑ የጄፔግ ፎቶውን በቀኝ ጠቅ አድርጋችሁ «ፕሮፐርቲስ» ከዚያ «ዲቴይልስ» ብትሉ ርዕስና አስተያየት የሚጻፍበት ቦታ ይመጣል፤ የጻፋችሁት ፋይሉ ውስጥ ይገባል። ከማዛወራችሁ በፊት የተደበቁ ፋይሎች እንዲታዩ አድርጉ፤ ፎልደሩን በሙሉ ገልብጡ እንጂ ፎቶዎቹን እየለቀማችሁ አትውሰዱ፤ ሁለተኛ ቅጂ ሌላ ዲስክ ላይ ይኑር።

ስምንት ሺውን ሁሉ መሰየም የሚችል የለም፤ አያስፈልግምም። እኔ ላፕቶፕ ሳዛውር አሁን አንድ ልማድ አለኝ፦ በቤቱ ያሉትን ትልቅ ሰው አጠገቤ አስቀምጬ ሃያ ፎቶ ብቻ እመርጣለሁ፤ ብዙ ሰው ያለባቸውን። «እማማ፣ ይቺ ማን ናት?» እላለሁ፣ ይነግሩኛል፣ ከግራ ወደ ቀኝ እጽፋለሁ። አንድ ሰዓት አይፈጅም። ከሃያው በአንዱ ላይ ሁልጊዜ ዝም ብለው ትንሽ ይቆያሉ፤ ስሙ ከአፋቸው እስኪመጣ እጠብቃለሁ።