ታጁራን ማን አደኸያት?

ዋና ከተማ ሲያብብ አገር ለምን ይጠወልጋል? ስንል «ዕጣ ፈንታ ነው» እንባላለን። የጂቡቲን ታሪክ እንመርምር፤ ዘመኑ በአውሮፓ አቆጣጠር ነው።

ባቡር ሳይመጣ ከባሕረ ሰላጤው ማዶ ያለችው ታጁራ የሸዋ በር ነበረች። ቡና፣ የዝሆን ጥርስ፣ ባሪያም ሳይቀር ይወርድባታል፤ ጠመንጃ በአፋር ግመል ይወጣባታል። ፈረንሳዮች ግን መቀመጫቸውን ከኦቦክ ወደ ጂቡቲ አዛወሩ። አፄ ምኒልክ በ1894 የፈቀዱት ሐዲድ ከጂቡቲ ተነሥቶ በደቡብ በኩል በ1902 ድሬዳዋ፣ በ1917 አዲስ አበባ ደረሰ። የታጁራ ግመል ጭነት አጣ። በእኛም አገር ሐዲዱ ተራራውን ሸሽቶ ሐረርን ስለተዋት ንግዷን አዲሲቱ ድሬዳዋ ወሰደችባት።

በ1977 ነፃነት መጣ፤ ሀብቱ ግን ከወደቡ ብዙ ፈቀቅ አላለም። በ1991 ተገፋን ያሉ የአፋር ታጣቂዎች በሰሜን ተነሡ፤ የመጨረሻው ስምምነት የተፈረመው በ2001 ነው። ታጁራ አዲስ ወደብ ያገኘችው በ2017 ነው። ዛሬም ከአገሪቱ አሥር ነዋሪ ሰባቱ ያህል የሚኖረው በዋና ከተማዋ ነው።

እንግዲህ ወገኖች፣ መስመሩን የመረጠው ሰው ነው፤ ሰው የመረጠውን ሰው ያርመዋል። አገራችን ስንገባ ስለ መንገድ በሚመከርበት ሸንጎ ሁሉ «በማን ደጅ ያልፋል? ማንንስ ይተዋል?» ብለን እንጠይቅ።