የአኮ ወረቀት

በእናቴ የቆርቆሮ ሳጥን ውስጥ በአራት የታጠፈች የደብተር ወረቀት አለች። እጥፋቷ ሳስቶ ወዲያ ማዶ ያሳያል። በሰማያዊ ቀለም 41 የክርስትና ስሞች ተጽፈውባታል፤ የጻፈው ያኔ የ6ኛ ክፍል ተማሪ የነበረው አጎቴ ነው። አያቴ፣ እኛ የልጅ ልጆቿ በኦሮምኛው «አኮ» የምንላት፣ በ1963 ዓ.ም. ትንሣኤን ለማክበር ከተጂ ተነሥታ ኢየሩሳሌም ስትሄድ ይህችን ወረቀት በመቀነቷ ቋጥራ ነበር የሄደችው።

እኔም አሁን እናቴን፣ ከአሜሪካ የሚመጣውን ወንድሜን ከነሚስቱና ከነልጆቹ፣ የእህቴን ልጅ ከነሕፃኗ ይዤ እዚያው ለመሳለም እየተሰናዳሁ ነው። አራት ትውልድ ማለት ነው። ዝግጅቱን ስጀምር በቤታችን ተደርጎ የማያውቅ ነገር የማደርግ መስሎኝ ነበር። ሰበታ ላይ ታሪክ ሳስተምር ስንት ዓመቴ፣ የራሴን ቤት ታሪክ ግን ያወቅሁት እናቴ ሳጥኑን ከፍታ ወረቀቷን ስታሳየኝ ነው።

ተጂ ከአዲስ አበባ ወደ ጅማ በሚወስደው መንገድ ላይ፣ ሰበታንና ተፍኪን አልፎ፣ በበቾ ሜዳ የምትገኝ ከተማ ናት። አፈሩ ዋልካ ነው። ክረምት አዋሽ ሞልቶ ሜዳው ላይ ሲተኛ ሰው ከጎረቤት ጎረቤት ለመሄድም ይቸገራል። ውኃው ሲሸሽ በቀረው እርጥበት ላይ ሽምብራ፣ ምስርና ጓያ ይዘራል። ጤፉ ታጭዶ ተወቅቶ ሲያልቅ የጥራጥሬው ተራ ይደርሳል። ጥርና የካቲት ላይ እንግዲህ ጎተራው ሙሉ፣ መንገዱ ደረቅ፣ የገበሬው እጅም ከሥራ ያረፈ ነው። ዐቢይ ጾም የሚገባውም በዚሁ ሰሞን ነው። የኢየሩሳሌም ጉዞ ከአገራችን ሰው ኑሮ ጋር እንዲህ የተስማማው ያለ ምክንያት አይደለም፤ ብሩም ጊዜውም የሚገኘው ያኔ ብቻ ነበር።

ከአኮ በፊት የሄደው አባቷ ነው። ጣሊያን ከመግባቱ በፊት ነው። ከተጂ እስከ አዲስ አበባ ያለውን በበቅሎ ሄደ፤ ልጁ በቅሎዋን ይዞ ተመለሰ። ከለገሃር የተሳፈረበት ባቡር አዲስ አበባ የደረሰው በ1909 ዓ.ም. ነበር። ባቡሩ ሌሊት አይሄድም፤ አዋሽና ድሬዳዋ አድሮ በሦስተኛው ቀን ጅቡቲ ይገባል። ከዚያ በመርከብ ቀይ ባሕርን ወደ ስዌዝ፣ ከስዌዝ ቦይ ዳር ከምትገኘው ከቃንጣራ ደግሞ በሌላ ባቡር ወደ ልዳ። ቅድመ አያቴ ልዳ የቅዱስ ጊዮርጊስ አገር መሆኗን ሲሰማ ከባቡሩ ወርዶ መሬቱን ሳመ ይባላል። አኮ ይህን ስትተርክ ሁልጊዜ እዚህ ላይ ትንሽ ዝም ትል ነበር ትላለች እናቴ።

ከእሱ ዘመን በፊት የነበሩት ተጓዦች ግን ባቡር አልነበራቸውም። በሱዳን አድርገው በዓባይ ሸለቆ ግብፅ ይገባሉ፤ ወይም ከምፅዋ ባሕር ተሻግረው ከቅብጦች ጋር በሲና በረሃ ያልፋሉ። የሄደው ሁሉ አይመለስም። የተመለሰውም ዓመታት አሳልፎ ነው። እዚያ የሚቀበላቸው በጎልጎታ ጣሪያ ላይ የሚገኘው ዴር ሡልጣን ነበር፤ በ1830 ዓ.ም. ወረርሽኝ ገብቶ መነኮሳቱን ሲፈጅ መጻሕፍቱም አብረው ተቃጠሉ። ከቅብጦች ጋር ላለን የይዞታ ክርክር ማስረጃ የሚሆነው ብራና ሁሉ ያኔ ነው የጠፋው። ይህን ለተማሪዎቼ ባነሣሁ ቁጥር አንጀቴ ይቃጠላል። ከዚያ ወዲህ ከቅጥሩ ውጭ በዐፄ ዮሐንስ 4ኛ ተጀምሮ በዳግማዊ ምኒልክ ዘመን የተፈጸመው ደብረ ገነት ኪዳነ ምሕረት የተጓዡ ሌላ ቤት ሆነ። ክብ ነው፤ የአገር ቤት ቤተ ክርስቲያን ቅርጽ አለው። ከበቾ የሄደች ሴት በሩ ላይ ስትደርስ አገሯ የተመለሰች ሊመስላት ይችላል።

መኳንንቱም በዚያው ባቡር ሄደዋል። ራስ ተፈሪ በ1916 ዓ.ም. ወደ አውሮፓ ሲያቀኑ ትንሣኤን ኢየሩሳሌም አክብረው፣ እዚያ ያገኟቸውን 40 ወላጅ አልባ የአርመን ልጆች ለሙዚቃ ባንድ ወደ አዲስ አበባ አስመጡ። ከ12 ዓመት በኋላ፣ ሚያዝያ 24 ቀን 1928 ዓ.ም.፣ እኚሁ ሰው ንጉሠ ነገሥት ሆነው፣ ከእቴጌ መነንና ከልጆቻቸው ጋር ያንኑ ባቡር ተሳፈሩ። ከጅቡቲ በእንግሊዝ የጦር መርከብ ሃይፋ፣ ከሃይፋ ኢየሩሳሌም። የዚያን ጊዜ ግን ስደት ነበር።

የአኮ ጉዞ በእነዚህ ሁሉ መካከል ትንሽ ነው፤ ለእኔ ግን ከሁሉም ይበልጣል። ሦስት ዓመት ተዘጋጅታለች። መሬቱ የባለርስት ነበርና ከምርቱ ድርሻው ሲወጣ ለቤት የሚተርፈው ጥቂት ነው። አንድ ወይፈን ተሸጠ። የማርያም ማኅበርተኞቿ ዕቁብ ገብተው የመጀመሪያውን ዕጣ ያለ ዕጣ ሰጧት። ታላቅ እህቷ ዮርዳኖስ ውስጥ የምትነከርበትን ነጭ ቀሚስ ፈትላ አሠራችላት። ስንቁን ያዘጋጁት ምራቶቿ ናቸው፦ በሶ፣ የገብስና የሽምብራ ቆሎ፣ የበቾ ነጭ ጤፍ ድርቆሽ፣ በጨርቅ የተቋጠረ የጾም ሽሮ። እናቴ ያኔ የ20 ዓመት ልጅ ነበረች። ድርቆሹን ሦስት ቀን በሰፌድ ላይ ፀሐይ ያሰጣችው እሷ ናት፤ «ጣቴ ሁሉ እንጀራ እንጀራ ይሸት ነበር» ትላለች።

ስሞቹ የተጻፉት በመጨረሻው ምሽት ነው። በሕይወት ያሉት በስተቀኝ፣ ያረፉት በስተግራ። አኮ ማንበብ ስለማትችል ለመነኮሳቱ ሰጥታ እያስነበበች በየስሙ ልትሰግድ ነበር የፈለገችው፤ እንዳሰበችውም አደረገች። አንድ ሰው ሄደ ይባል እንጂ 41 ሰው ነው የሄደው። የሄደችው እሷ፣ የተሳለመው ቤቱ ሁሉ።

ደግ ዘመን ላይ ነበር የደረሰችው። በዋዜማው ዓመት፣ በ1962 ዓ.ም. የትንሣኤ ሌሊት፣ ከዴር ሡልጣን ወደ ጎልጎታ አደባባይ የሚያወርዱት የአርባዕቱ እንስሳና የቅዱስ ሚካኤል ቤተ ጸሎቶች ቁልፍ ተለውጦ በእኛ መነኮሳት እጅ ገብቶ ነበር። አኮ ስትደርስ መነኮሳቱ ሌላ ወሬ አልነበራቸውም። በቀዳም ሥዑር ማታ ጣሪያው ላይ በተተከለው ድንኳን ከበሮ ሲመታ፣ ጧፍ ይዛ ከካህናቱ ኋላ ዞራለች። ስትመለስ ዘንባባ፣ የዮርዳኖስ ውኃና የጧፍ እሽግ ይዛ መጣች። ከዚያ ወዲያ ተጂ ውስጥ በስሟ የጠራት የለም፤ «እማማ ኢየሩሳሌም» ሆና ቀረች።

ከቤታችን ሌላ ሰው አልተከተላትም። በ1966 ዓ.ም. ኢትዮጵያ ከእስራኤል ጋር የነበራትን ግንኙነት አቋረጠች፤ ወዲያው አብዮቱ መጣ። በ1967 መሬት ለአራሹ ሲሆን ወይፈን መሸጥ ሳያስፈልግ የሚኖር መስሎን ነበር፤ የመውጫ ቪዛ ማግኘት ግን ለእኛ ዓይነቱ ሰው የማይታሰብ ሆነ። ግንኙነቱ በ1982 ሲታደስ አኮ አርፋ ነበር።

አሁን የእኛ ተራ ነው። የመጀመሪያው ሙከራችን አልተሳካም፤ አንድ ጉዞ አዘጋጅ ቀብድ ተቀብሎ የእናቴን ቪዛ ሳያስጨርስ ቀረ፣ ብሩን ለማስመለስ ስምንት ወር ተመላለስኩ። በ2016 ደግሞ የጋዛው ጦርነት ተነሣና ተውነው። በሦስተኛው ከብዙ ሰው ጋር በቡድን ከመሄድ ይልቅ በልካችን ለማዘጋጀት ተስማማን። በቡድን የሚሄደው ሰው በአንድ ቀን ቤተልሔምን፣ ኢያሪኮንና ዮርዳኖስን ሊያዳርስ ይችላል፤ የ75 ዓመት ሴትና የሁለት ዓመት ሕፃን ግን አይችሉም።

ስለዚህ ዕቅዱን የሠራሁት በእናቴ ጉልበት ነው። ማረፊያችን ከደብረ ገነት በእግር የሚደረስ እንዲሆን ፈለግሁ፤ ጧት ጧት ኪዳን ማድረስ ትችላለችና። አንድ ቀን ከሄድን አንድ ቀን እናርፋለን። ደብረ ታቦርን በመኪና፣ የገዳመ ቆሮንቶስን ተራራ ደግሞ ኢያሪኮ ላይ በተዘረጋው የኬብል ማመላለሻ። የወንድሜ ልጆች አማርኛቸው የተሰባበረ ነው፣ ቅዳሴውም ይረዝምባቸዋል፤ ለእነሱ ሙት ባሕር ላይ ሰው ሳይዋኝ የሚንሳፈፍበት ግማሽ ቀን ሰጥቻለሁ። ዴር ሡልጣን ላይ ብዙ አሰብኩ። ከጣሪያው በሁለቱ ቤተ ጸሎቶች መካከል የሚወርደው ደረጃ ጠባብ ነው፤ ቢሆንም መንገዱን ያሳጥራል። ያ ቁልፍ በእጃችን ባይገባ ኖሮ እናቴ በገበያው ዞራ ነበር መውረድ የነበረባት። አኮ ያንን ደረጃ ወርዳለች፣ እናቴም ትወርደዋለች፤ እኔ ከፊት፣ ወንድሜ ከኋላ ሆነን።

ስንቁ ላይ ግን አልተስማማንም። ወንድሜ «ሆቴሉ የጾም ምግብ አለው» አለ። እናቴ መልስ አልሰጠችውም፤ በማግስቱ ስሄድ ግቢው ውስጥ ሰፌድ ላይ እንጀራ ተሰጥቶ አገኘሁ። የወንድሜ ታናሽ ልጅ በስልክ ቪዲዮ ሲያየው ምን እንደሆነ ጠየቀ፣ እሷም ቁራሽ አንሥታ ወደ ስልኩ አስጠግታ «ቅመሰው» አለችው።

ባለፈው እሑድ አዲሱን ስም ዝርዝር ጻፍን። ያረፉት ከሕያዋኑ በልጠዋል። ከአሮጌው ወረቀት ስገለብጥ በስተቀኝ መጨረሻ ላይ «ኃይለ ገብርኤል» የሚል ስም አገኘሁ። ከዘመዶቻችን መካከል በዚህ የክርስትና ስም የሚጠራ የለም፤ አጎቴም አላስታወሰውም። እናቴ ብቻ አወቀችው። ተጂ ገበያ ምስር የሚገዛ ነጋዴ ነው አለች፤ ምስሩ ገና ሳይታጨድ ለአኮ ብሩን አስቀድሞ ከፈላትና ወለድ ሳይሆን ስሙን እንድትወስድለት ብቻ ለመናት።

«ይጻፍ?» አልኳት።

«በስተግራ ጻፈው» አለችኝ።