ከረጢት ጠባቂና በከረጢት የተማረ

በስኮትላንድ በቆየው አነጋገር «በርሳር» የሚለው ቃል ሁለት ሰዎችን ይጠራል፤ አንደኛው የትምህርት ቤቱን ገንዘብ የሚጠብቀው ሹም፣ ሁለተኛው በዚያው ገንዘብ የሚማረው ድኃ ተማሪ ነው። የቃሉ ሥር የላቲኑ «ቡርሳ» ሲሆን ትርጓሜው የገንዘብ ከረጢት፣ ወደ ግሪኩ ሲዘለቅ ደግሞ ቆዳ ማለት ነው።

በእኛ አገር ግን የሁለቱ ስም ለየብቻ ነበር። የንጉሡን ግምጃ ቤት የሚጠብቀው በጅሮንድ ይባላል። ከደብረ ኤልያስ እስከ ዲማ ጊዮርጊስ ቅኔ ፍለጋ የሚንከራተተው ወጣት ደግሞ የቆሎ ተማሪ ይባላል፤ ደበሎውን ለብሶ፣ አኩፋዳውን አንግቶ፣ «በእንተ ስማ ለማርያም» እያለ በየደጁ ይቆማል። ሐዲስ ዓለማየሁ የተማሩት በእነዚሁ ደብሮች ነው። ግምጃ ቤቱ በግብር፣ አኩፋዳው በፈቃድ ይሞላል፤ ሁለቱንም የሚሞላው ግን ያው ገበሬ ነበር።

የሁለቱ ልዩነት በ1960 ዓ.ም. ጎልቶ ታየ። የእርሻ ገቢ ግብር አዋጅ በወጣ ጊዜ የጎጃም ገበሬ መሬቴ ተለክቶ ርስቴን አጣለሁ ብሎ ስለ ሰጋ፣ በሞጣ፣ በቢቸናና በሌሎችም ስፍራዎች ዐመፀ። መንግሥት ጦር ላከ፣ አውሮፕላንም አሰማራ፤ በመጨረሻ ግን ውዝፉን ግብር ለመማር ተገደደ። ይህ ገበሬ ንፉግ አልነበረም፤ ከየት እንደ መጣ ለማያውቀው ልጅ ቁራሹን ሲቆርስ የኖረ ነው። ልዩነቱ፣ ቁራሹ የደረሰበትን ማየቱ ነው፤ ልጁ በደብሩ አጠገብ ከጎጆው ተቀምጦ ሲያጠና ይሰማዋል። ግብሩ ግን ሄዶ የማይመለስ ሆኖ ታየው።

ነገሩ እኛን መሐንዲሶችን ይመለከታል። የወጪ መጋራት ደንብ በ1996 ዓ.ም. እስኪወጣ ድረስ በመንግሥት ዩኒቨርሲቲ የተማሩት ባልደረቦቻችን ወጪ በግምጃ ቤት ይሸፈን ነበር። ከዚያ ወዲህ የተመረቅነውም የምንከፍለው ከወጪው ከፊሉን ብቻ ነው። እንግዲህ ሁላችንም በሕዝብ ከረጢት የተማርን ነን። ከተመረቅን በኋላ ደግሞ የሥራ ግምት እናወጣለን፣ የተቋራጩን የክፍያ ሰነድ እንፈርማለን፤ በዚህም የዚያው ከረጢት ጠባቂዎች እንሆናለን። ስለዚህ የስኮትላንዱ ቃል በሁለቱም ትርጓሜው ለእኛ ይስማማል።

ገበሬው የግምጃ ቤቱን መዝገብ አያይም። የሚያየው በመንደሩ የተሠራውን ድልድይና የመስኖ ቦይ ነው። ቁራሹ የት እንደ ደረሰ የሚያውቀው ድልድዩ ክረምቱን ሲያልፍ፣ ቦዩም በበጋ ውኃ ሲያደርስ ነው።