የጥርስ ሽቦ ታሪክ እና የእኛ ቤት "ግግ"



በቅርቡ አንዲት እናት የ12 ዓመት ልጇን ይዛ ከቦዲቲ አካባቢ ወደ ሶዶ መጣች። ያመጣቻት ሆዷን አሟት ነበር። ምርመራው አልቆ ሊወጡ ሲሉ እናትየዋ በሩ ጋ ቆም አለችና "ዶክተር፣ ይቺ ልጅ ስትስቅ አፏን በእጇ ትሸፍናለች። ጥርሷ ተወላግዶባት ነው። ሽቦ የሚባለው ነገር እዚህ ይታሰራል?" ብላ ጠየቀችኝ።

ልጅቷን አፏን አስከፍቼ አየሁ። ከታች በግራ በኩል የክራንቻ ጥርሷ የለም። አጠገቡ ያሉት ጥርሶች ወደ ባዶው ቦታ ተጋድመዋል። በቀኝ በኩል ያለው ክራንቻ ደግሞ በቅሏል፤ ግን ትንሽና ቅርጹ የተበላሸ ነው። "ሕፃን ሆና ግግ ወጥቶላታል?" አልኳት። እናትየዋ ትንሽ አሰበችና "አዎ፣ በስድስት ወሯ ተቅማጥና ትኩሳት ይዟት አማቴ ወስደው አስወጡላት። ያኔ ዳነችልኝ" አለች።

ብዙዎቻችሁ ስለ ጥርስ ማስተካከያ ስትጠይቁኝ ቆይታችኋል። ዛሬ ታሪኩን ከዚህች ልጅ አፍ ልጀምርላችሁ። ምክንያቱም በእኛ አገር የጥርስ መወላገድ ታሪክ የሚጀምረው ብዙ ጊዜ ገና ጥርስ ከመብቀሉ በፊት ነው።

የ2000 ዓመት ሐሳብ

ጥርስን ወደ ቦታው መመለስ የዘመናችን ፈጠራ አይደለም። ከ2000 ዓመት ገደማ በፊት የኖረው ሮማዊው ጸሐፊ ሴልሰስ በሕክምና መጽሐፉ አንድ ምክር ትቶልናል። የወተት ጥርስ ሳይወልቅ ቋሚው ጥርስ ከጎኑ ብቅ ካለ የወተቱ ይነቀል፤ አዲሱን ደግሞ በየቀኑ በጣት ወደ ቦታው ይገፉት ይላል። ስድስትና ሰባት ዓመት የሞላው ልጅ ያላችሁ ወላጆች ይህን "ሁለት ረድፍ ጥርስ" ታውቁታላችሁ።

እ.ኤ.አ. በ1728 ፈረንሳዊው ፒየር ፎሻር ስለ ጥርስ ሕክምና ትልቅ መጽሐፍ አሳተመ። በውስጡ የፈረስ ኮቴ ብረት የሚመስል ቀጭን የብረት ሰሌዳ ገልጿል። የተወላገዱት ጥርሶች በክር ከሰሌዳው ጋር ይታሰሩና ቀስ በቀስ ወደ ቅስቱ ይሳባሉ። የዛሬው ሽቦ አያት ይህ ነው ማለት ይቻላል።

ጉዳዩን ራሱን የቻለ የሕክምና ዘርፍ ያደረገው አሜሪካዊው ኤድዋርድ አንግል ነው። እ.ኤ.አ. በ1899 የላይኛውና የታችኛው መንጋጋ ጥርሶች እንዴት እንደሚገጥሙ እያየ የጥርስ አገጣጠም ችግሮችን በሦስት ክፍል መደበ። ዛሬም የጥርስ ሐኪሞች የሚጠቀሙት ይህንኑ ምደባ ነው። በ1900 ደግሞ በሴንት ሉዊስ ከተማ የኦርቶዶንቲክስ ትምህርት ቤት ከፈተ። የአንግል ጽኑ እምነት እያንዳንዱ ጥርስ ቦታ አለው፣ ስለዚህ ለማስተካከል ተብሎ ጥርስ አይነቀል የሚል ነበር። በኋላ ተማሪው ቻርልስ ትዊድ አንዳንድ ታካሚዎች ላይ ቦታ ለማግኘት ጥርስ መንቀል ግድ እንደሚሆን አሳየ። ክርክሩ ለረጅም ጊዜ ቀጠለ። ዛሬ ሐኪሙ የሚወስነው የእያንዳንዱን ሰው ራጅና መንጋጋ ለክቶ ነው። ልብ በሉ፣ እነሱ አንዲት ጥርስ ለመንቀል ይህን ያህል ተከራክረዋል።

ከዚያ ወዲህ ያለው ታሪክ ሽቦውን የማቅለል ታሪክ ነው። ድሮ በእያንዳንዱ ጥርስ ዙሪያ የብረት ቀለበት ይታሰር ነበር። እ.ኤ.አ. በ1955 ማይክል ቦኖኮር የጥርስን የላይኛውን ሽፋን በቀላል አሲድ በማሻከር ማጣበቂያ በደንብ እንዲይዝ ማድረግ እንደሚቻል አሳየ። ዛሬ ጥርስ ላይ የምታዩዋት ትንሽ ቁልፍ መሳይ ብረት፣ ብራኬት የምትባለው፣ የምትጣበቀው በዚህ ዘዴ ነው። በ1970ዎቹ ሲጣመም ወደ ቅርጹ የሚመለስ የኒኬልና የታይታኒየም ሽቦ ሥራ ላይ ዋለ። ከ1990ዎቹ መጨረሻ ጀምሮ ደግሞ የሚወልቅና የሚጠለቅ፣ ብርሃን የሚያሳልፍ የፕላስቲክ ማስተካከያ መጣ።

አሠራሩ ግን አንድ ነው። ጥርስ ግንድ ላይ እንደተመታ ሚስማር አይደለም። በሥሩና በአጥንቱ መካከል ቀጫጭን ጅማቶች አሉ። ቀስ ብለን ስንገፋው በሚገፋበት በኩል ያለው አጥንት ይሟሟል፤ ከኋላው አዲስ አጥንት ይሠራል። ጥርስ በዚህ መንገድ በወር አንድ ሚሊ ሜትር ገደማ ይጓዛል። ሕክምናው ብዙ ጊዜ ከአንድ ዓመት ተኩል እስከ ሁለት ዓመት የሚወስደውም ለዚህ ነው። ቸኩሎ በኃይል መግፋት የጥርሱን ሥር ይጎዳል።

አውሮፓም "ግግ" ነበራት

አሁን ወደ አማቲቱ ልመለስ። እኚህ አያት ክፉ ሰው አይደሉም። የልጅ ልጃቸው እንዳትሞትባቸው የሚያውቁትን ነው ያደረጉት። ይህ ስህተት የእኛ ብቻ እንዳይመስላችሁ። በ16ኛው ክፍለ ዘመን የፈረንሳይ ነገሥታት ቀዶ ሐኪም የነበረው አምብሯዝ ፓሬ ጥርስ ሊያበቅሉ የደረሱ ሕፃናትን ድድ በቢላዋ መቅደድን ይመክር ነበር። ልማዱ በአውሮፓና በአሜሪካ እስከ 19ኛው ክፍለ ዘመን ዘልቋል። በለንደን ይወጡ በነበሩ የሞት መዝገቦች ላይ "ጥርስ" ራሱን የቻለ የሞት ምክንያት ሆኖ ይጻፍ ነበር።

ለምን እንዲህ አሰቡ? ጊዜው ስለሚገጣጠም ነው። ሕፃን ስድስት ወር ሲሞላው ጥርስ ማብቀል ይጀምራል። በዚያው ወቅት ከእናቱ በማህፀን ሳለ ያገኘው የበሽታ መከላከያ እየቀነሰ ይሄዳል፣ ተጨማሪ ምግብ ይጀምራል፣ እየዳኸ ያገኘውን ሁሉ ወደ አፉ ይከታል። ተቅማጡና ትኩሳቱ የሚመጣው ከዚህ ነው። እኛ አካባቢ ወባም ይጨመርበታል። አያት አፉን ሲያዩ ክራንቻው ሊበቅል ባለበት ቦታ ድዱ አበጥ ብሎ ያገኙታል። ተከሳሹ ተገኘ ማለት ነው! ሲነቀል የሚወጣው ገና ያልጠነከረ ነጭ ለስላሳ የጥርስ እምቡጥ ነው። ትል የሚመስላቸውም አሉ። ትል አይደለም፤ የልጃችሁ ጥርስ ነው።

"ታዲያ ለምን ዳነች?" ትሉ ይሆናል። አብዛኛው የሕፃናት ተቅማጥ ፈሳሽ በደንብ ከተሰጠ በጥቂት ቀናት ራሱ ይቆማል። ግግ ወጣም አልወጣም ትድን ነበር። ያልዳኑት ደግሞ ታሪካቸውን የሚነግርላቸው የለም።

ሲነቀል ምን አብሮ ይሄዳል?

የወተት ክራንቻ እምቡጥ ሲነቀል ከሥሩ የቋሚው ክራንቻ እምቡጥ ተኝቷል። ንጹሕ ባልሆነ መሣሪያ ሲፈለፈል አብሮ ይወጣል ወይም ይጎዳል። ጎረቤት ያሉት የፊት ጥርሶችም ሊጎዱ ይችላሉ። ልጁ 10 ዓመት ሲሞላው ጥርሱ ጭራሽ አይበቅልም፣ ተበላሽቶ ይበቅላል ወይም ያለ ቦታው ይወጣል። የዚህን ውጤት የጥርስ ተመራማሪዎች ጽፈውታል። ፒንድቦርግ የተባለው የዴንማርክ ሐኪም እ.ኤ.አ. በ1969 ከኡጋንዳ ዘግቦታል። በ1994 ደግሞ ከኢትዮጵያ ወደ እስራኤል በሄዱ ቤተ እስራኤል ልጆች ላይ የተደረገ ጥናት የጎደሉ የወተት ክራንቻዎችንና የተጎዱ ጎረቤት ጥርሶችን አሳይቷል። ልማዱ ባሕር ተሻግሮ የሄደው በልጆቹ አፍ ውስጥ ነው።

ይህ እንግዲህ በሕይወት ለተረፈው ልጅ ነው። ከዚያ በፊት የሚመጣው የባሰ ነው፦ መድማት፣ ደም ውስጥ የሚገባ ኢንፌክሽን፣ ቲታነስ፣ አንዱን መሣሪያ ለብዙ ሕፃናት ሲጠቀሙ የሚተላለፍ ኤች.አይ.ቪ እና የጉበት ቫይረስ። በዚህ ሁሉ መሀል ዋናው በሽታ ሳይታከም ጊዜው ያልፋል።

አገራችን ይህን ለመተው መሥራት ከጀመረች ቆይታለች። እ.ኤ.አ. በ1987 ስለ ልማዳዊ ድርጊቶች የሚሠራ ብሔራዊ ኮሚቴ ተቋቋመ፤ በኋላም የኢትዮጵያ ጎጂ ልማዳዊ ድርጊቶች አስወጋጅ ማኅበር ሆነ። ከግርዛትና ከጠለፋ ጎን ለጎን እንጥል ማስቆረጥና የወተት ጥርስ ማስነቀልም ከተዘመተባቸው ልማዶች መካከል ነበሩ። በ1995 ዓ.ም. የተጀመረው የጤና ኤክስቴንሽን ፕሮግራም ጉዳዩን እስከ ቀበሌ አወረደው። በ1996 ዓ.ም. የወጣው የወንጀል ሕግ ደግሞ በአንቀጽ 561 የወተት ጥርስ መንቀልን በሕፃናት ሕይወት ላይ አደጋ ከሚጥሉ ጎጂ ልማዶች መካከል በስሙ ጠቅሶታል። ሕግ ብቻውን ግን የአያትን ፍርሃት አያድንም። ልጁ ሲታመም የሚደረግ ሌላ ነገር በእጃቸው ሲኖር ነው ልማዱ የሚቀረው።

እሱም አለ። ተቅማጥ ከሆነ ኦ.አር.ኤስ እና ዚንክ በቅርብ ጤና ኬላ ይገኛል። የእናት ጡት አይቋረጥ። ትኩሳት ካለ የወባ ምርመራ ይደረግ። ከ2006 ዓ.ም. ጀምሮ ብዙ ሕፃናትን በተቅማጥ የሚያሳምመው የሮታ ቫይረስ ክትባት በአገራችን በነጻ ይሰጣል። ሕፃኑ መጥባት ካቃተው፣ ዓይኑ ከሰረጎደ፣ ደም ካስቀመጠው ወይም ካንቀጠቀጠው ሌሊትም ቢሆን ወደ ጤና ተቋም ውሰዱት።

ሽቦ ለማን? መቼ?

እኔ ጠቅላላ ሐኪም ነኝ፤ ሽቦ አላስርም። ይህን የሚሠራው በዘርፉ የሠለጠነ የጥርስ ሐኪም ነው። በአገራችን ቁጥራቸው በጣም ጥቂት ሲሆን አብዛኞቹ የሚገኙት አዲስ አበባ ነው። ከሶዶ ከ300 ኪሎ ሜትር በላይ በየወሩ መመላለስ ለብዙ ቤተሰብ ከባድ መሆኑን አውቃለሁ። ስለዚህ በእጃችን ያለውን መከላከል እናስቀድም።

• የወተት ጥርስ "ወዳቂ ነው" ተብሎ አይናቅ። ለቋሚው ጥርስ ቦታ የሚይዝለት እሱ ነው። በልቶት ከሆነ ይታከም እንጂ ያለ ጊዜው አይነቀል። የግድ ከተነቀለም ቦታው እንዳይዘጋ የሚደረግ መያዣ ስላለ ሐኪሙን ጠይቁ።

• ልጃችሁ 7 ዓመት ገደማ ሲሞላው አንድ ጊዜ በጥርስ ሐኪም ይታይ። ሽቦ ይታሰርለት ማለት አይደለም። የመንጋጋ እድገት ችግር ካለ ሳያድግ ለመያዝ ነው። ከአራት ዓመት በኋላ ጣት መጥባት ካልቀረም ይነገራቸው።

• ከ7 እስከ 11 ዓመት ባለው ጊዜ የላይኞቹ የፊት ጥርሶች መሀል ክፍተት ቢታይ አትደንግጡ። ክራንቻዎቹ ሲወርዱ ብዙ ጊዜ ይዘጋል። ያልተነካ ክራንቻ ይህንንም ሥራ ይሠራል!

• ለአዋቂዎች "ዕድሜዬ አልፏል" አትበሉ። በ40 ዓመትም ጥርስ ይንቀሳቀሳል። ግን አስቀድሞ የድድ በሽታና የተበላ ጥርስ መታከም አለበት። የመንጋጋ አጥንት ችግር ከሆነ ቀዶ ሕክምና ሊያስፈልግ ይችላል።

• ሽቦ ያሠረ ሰው ከምግብ በኋላ ይቦርሽ። ቆሎና የሸንኮራ አገዳ ይተው። ሽቦው ሲፈታም የሚሰጠውን መያዣ ካላደረገ ጥርሱ ወደ ነበረበት ይመለሳል።

• ለማማር ተብሎ በሠለጠነ ሐኪም ያልታሰረ ሽቦ፣ ወይም በላስቲክ ራስን በራስ ጥርስ ማጥበቅ፣ ጥርስን እስከ መንቀል ያደርሳል።

አንድ ነገር ልጨምር። የፈረንጅ መጽሐፍ ጉድለት የሚለውን ፍንጭት እኛ ውበት እንለዋለን። ማኘክ፣ መናገርና ማጽዳት ካላስቸገራችሁ፣ እናንተም ከወደዳችሁት፣ መታከም ያለበት ነገር የለም። መጠበቅ ያለበት ጤናማው ጥርስ ነው።

ልጅቷን ወደ ጥርስ ሐኪም ላክኋት፤ ራጅ ተነሥታ የቀረው ሥር ምን እንደሚመስል ይታያል። እናትየዋ ስትወጣ የስድስት ወር ልጅ ቤት እንዳላት ነገረችኝ። "እሱን ማንም አይነካውም፤ ለአማቴም እኔው እነግራቸዋለሁ" አለች። እኔም "ሲቆጡሽ አምጫቸው፣ ቁጭ ብለን እናወራለን" አልኳት።

ቤታችሁ ሕፃን ካለ ይህን ጽሑፍ ለአያቶቹ አንብቡላቸው። ሌሎች እንዲያዩትም ሼር አድርጉ። ጤና ይብዛላችሁ!