ኢንዶሜትሪዮሲስና አብረው የሚወለዱ የማህፀን ችግሮች፡ ምልክቶቹ፣ ምርመራውና ሕክምናው

በወር አበባ ጊዜ ከትምህርትና ከሥራ የሚያስቀር ሕመም በብዙ ቤቶች እንደ ተፈጥሮ ግዴታ ይታያል። “ስትወልጂ ይተውሻል” የሚለው ምክርም የተለመደ ነው። ሐኪሞች ግን የዕለት ተዕለት ኑሮን የሚያስተጓጉል ሕመም መመርመር እንዳለበት ይመክራሉ።

ከምክንያቶቹ አንዱ ኢንዶሜትሪዮሲስ ነው። የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚገምተው በመውለጃ ዕድሜ ላይ ከሚገኙ ሴቶችና ልጃገረዶች 10 በመቶ ያህሉ፣ ማለትም 190 ሚሊዮን ገደማ የሚሆኑት፣ ይህ ችግር አለባቸው።

ኢንዶሜትሪዮሲስ ምንድን ነው?

የማህፀንን የውስጥ ግድግዳ ከሚሸፍነው ጋር የሚመሳሰል ሕብረ ሕዋስ ከማህፀን ውጭ፣ ለምሳሌ በእንቁላል ማምረቻዎች፣ በአንጀት ወይም በሽንት ፊኛ ላይ ሲያድግ የሚከሰት በሽታ ነው። ብግነትና ጠባሳ ይፈጥራል፤ አንዳንዴም የሆድ ዕቃ ክፍሎችን እርስ በርስ ያጣብቃል።

ከባድ የወር አበባ ሕመም፣ የማይለቅ የታችኛው ሆድ ሕመም፣ በግብረ ሥጋ ግንኙነት፣ በሽንት ወይም በሰገራ ጊዜ የሚሰማ ሕመም፣ ድካምና ለማርገዝ መቸገር ዋነኛ ምልክቶቹ ናቸው።

አብረው የሚወለዱ ችግሮች

የሴት ጽንስ ማህፀን የሚሠራው ሁለት ቱቦዎች ተጋጥመው አንድ ሲሆኑ ነው። ይህ ሂደት ከተጓደለ ማህፀን በግድግዳ ሊከፈል፣ ሁለት ሊሆን ወይም ጭራሹን ላይፈጠር ይችላል። ማህፀንን የሚከፍል ግድግዳ ከተደጋጋሚ ውርጃ ጋር ይያያዛል። የኩላሊት ችግርም አብሮ ሊኖር ስለሚችል ኩላሊትም ይመረመራል።

የድንግልና ሽፋን ሙሉ በሙሉ ሲዘጋ ወይም በብልት ውስጥ አግድም ግድግዳ ሲኖር ደሙ መውጫ ያጣል። ልጅቷ የወር አበባ ሳታይ በየወሩ ሆዷን ያማታል። የተጠራቀመው ደም ሆዷን ሲነፋው አርግዛለች ተብላ ልትጠረጠር ትችላለች። ደሙ በማህፀን ቱቦዎች ወደ ሆድ ዕቃ ሲመለስ ደግሞ ለኢንዶሜትሪዮሲስ ያጋልጣል።

ብልትን የሚያጠብ ግርዛት በሚፈጸምባቸው እንደ ሶማሊያ፣ ጂቡቲና ሱዳን ባሉ አገራት የደሙ ፍሰት በግርዛቱ ጠባሳም ሊታገድ ስለሚችል ሐኪሙ ሁለቱን መለየት ይኖርበታል።

ከ4,500 እስከ 5,000 ከሚወለዱ ሴቶች በአንዷ ላይ ደግሞ ማህፀንና የላይኛው የብልት ክፍል አይፈጠሩም ወይም አይዳብሩም። እንቁላል ማምረቻዎቿ ስለሚሠሩ ጡቷ በጊዜው ያድጋል፤ ችግሩ የሚታወቀው የወር አበባ ሲቀር ነው።

ምርመራው

ምርመራው የሚጀምረው ታካሚዋን በጥሞና በማዳመጥ ነው። አካላዊ ምርመራ፣ አልትራሳውንድ፣ ካስፈለገም ኤምአርአይ ይከተላሉ። የግብረ ሥጋ ግንኙነት ላልጀመረች ልጅ አልትራሳውንዱ በሆድ በኩል ሊሠራ ይችላል።

ቀደም ሲል ኢንዶሜትሪዮሲስን ለማረጋገጥ በጠባብ ቀዳዳ ካሜራ ወደ ሆድ የሚገባበት ላፓሮስኮፒ ዋነኛው መንገድ ነበር። በአውሮፓውያኑ 2022 የወጣው የአውሮፓ የሥነ ተዋልዶ ሕክምና ማኅበር መመሪያ ግን ምልክቶችን አይቶ ሕክምና መጀመር እንደሚቻል ይገልጻል። አልትራሳውንዱ ምንም አለማሳየቱም በሽታው የለም ማለት አይደለም።

ሕክምናው

ኢንዶሜትሪዮሲስን ፈጽሞ የሚያጠፋ መድኃኒት እስካሁን የለም። እንደ አይቡፕሮፌን ያሉ ማስታገሻዎችና የእርግዝና መከላከያ እንክብልን ጨምሮ ሆርሞን ነክ መድኃኒቶች ሕመሙን ይቀንሳሉ። ማርገዝ ለምትፈልግ ሴት ግን ሆርሞኖቹ እርግዝናን ስለሚከለክሉ ቀዶ ሕክምና ወይም የመካንነት ሕክምና ሊታሰብ ይችላል። በሽታው ያለባቸው ብዙ ሴቶች ይወልዳሉ።

የተዘጋ የድንግልና ሽፋን በቀላል ቀዶ ሕክምና ይከፈታል፤ በብልት ውስጥ ያለ ግድግዳ ግን ልምድ ያለው ሐኪም ይጠይቃል። ብልታቸው ላልዳበረ ሴቶች በቅድሚያ የሚመረጠው ያለ ቀዶ ሕክምና በማስፊያ መሣሪያ ቀስ በቀስ ማስረዘም ነው፤ ጊዜውንም ታካሚዋ ራሷ ትወስናለች። በአውሮፓውያኑ 2014 በስዊድን ማህፀን የተተከለላት ሴት በዓለም ለመጀመሪያ ጊዜ ልጅ ወልዳለች።

መቼ ወደ ሐኪም ይኬዳል?

እስከ 15 ዓመቷ የወር አበባ ያላየች፣ እስከ 13 ዓመቷ ጡት ማውጣት ያልጀመረች ወይም በየወሩ ሆዷን እየታመመች ደም የማታይ ልጅ ልትመረመር ይገባል። ማስታገሻ ወስዳ ሕመሙ ያልቀነሰላት ሴትም እንዲሁ። የሕመሙን ቀንና ብርታት በማስታወሻ መዝግቦ ለሐኪም ማሳየት ምርመራውን ያቀላል።