«አገር ስጠኝ»



የእንቆቅልሽን ሥርዓት የማያውቅ በመካከላችን ያለ አይመስለኝም። ጠያቂው «እንቆቅልሽ» ይላል፤ ተጠያቂው «ምን አውቅልሽ» ይላል። መልሱ ሲጠፋ «አገር ስጠኝ» ይባላል። የተሸነፈው ጎንደርን ወይም ሐረርን ይሰጣል፤ ያሸነፈውም እዚያ ሄዶ መብላት መጠጣቱን ተርኮ መልሱን ይገልጣል።

በቀደም ማታ ልጆቻችን ሲጫወቱ መልሱ «እርፍ» የሆነ እንቆቅልሽ ተጠየቀ። አንድም ያወቀ አልነበረም። መልሱ ሲነገራቸውም «እርፍ ምንድን ነው?» አሉ። በዚህ መጠለያ የተወለደ ልጅ በሬ ተጠምዶ ሲታረስ አላየም። ገበሬው በእጁ የሚጨብጠውን እርፍ፣ እስከ ቀንበሩ የሚደርሰውን ረጅሙን ሞፈር፣ አፈሩን ግራና ቀኝ የሚገፋውን ድግር በምን ይለያቸው? ልጁ የተሸነፈው ብልሃት አንሶት ሳይሆን ቃሉ ሳይደርሰው ቀርቶ ነው። እኛ ትልልቆቹም ብንሆን ስለ ድግርና ሞፈር ስንከራከር አመሸን። በመጨረሻ አንዱ «ምነው መዝገበ ቃላት በነበረን!» አለ።

ይህ ምኞት የመዝገበ ቃላታችንን ታሪክ አስታወሰኝ። ታሪኩ ከስደት የራቀ አይደለምና።

በ17ኛው መቶ ዓመት፣ ዐፄ ፋሲለደስ የካቶሊክን ሃይማኖት ከሻሩ በኋላ፣ አባ ጎርጎርዮስ የተባሉ የአምሐራ አገር ሰው ከአገራቸው ወጥተው ሮም ገቡ። እዚያም በአውሮፓውያን አቆጣጠር በ1649 ሂዮብ ሉዶልፍ ከተባለ ጀርመናዊ ሊቅ ጋር ተገናኙ፤ በ1652 ደግሞ ጀርመን አገር ጎታ ድረስ ሄደው ቋንቋውን አስተማሩት። አባ ጎርጎርዮስ በ1658 በመመለስ ላይ ሳሉ ባሕር ላይ ሞቱ። ሉዶልፍ የአማርኛውን መዝገበ ቃላትና ሰዋስው በፍራንክፈርት ያሳተመው በ1698 ነው፤ መምህሩ ከሞቱ ከ40 ዓመት በኋላ ማለት ነው።

ከአገራችን ሊቃውንት ሥራም ታላቁ በከፊል የተደከመበት በባዕድ አገር ነው። መምህር ክፍለ ጊዮርጊስ የጀመሩትን የግዕዝ መዝገበ ቃላት ደቀ መዝሙራቸው አለቃ ኪዳነ ወልድ ክፍሌ ለብዙ ዓመታት በኢየሩሳሌም ተቀምጠው ደከሙበት። እርሳቸውም መጽሐፉ ሳይታተም በ1936 ዓ.ም. ዐረፉ። አደራውን የተቀበሉት አለቃ ደስታ ተክለ ወልድ በ1948 ዓ.ም. አሳተሙት፤ የራሳቸውን ትልቅ የአማርኛ መዝገበ ቃላት ደግሞ በ1962 ዓ.ም. አወጡ። መጻሕፍቱ እጃችሁ ቢገቡ ተራቸው «ሀ ለ ሐ መ» ሳይሆን «አ በ ገ ደ» መሆኑን አትርሱ፤ አለዚያ ቃሉ እያለ የለም ብላችሁ ትከራከራላችሁ።

እንግዲህ ሦስት ትውልድ ሊቃውንት አንዱ የጀመረውን ሌላው እየተቀበለ ነው ለዚህ ያበቁት። እኛ መጽሐፍ ባይኖረንም እርፍ ጨብጠው ያረሱ አባቶች፣ የሸማውንና የወጡን ስም ሁሉ የሚያውቁ እናቶች አሉን። ስለዚህ በጨዋታ መካከል ክርክር ያስነሣ ቃል ሲገኝ ከታላላቆቻችን ጠይቃችሁ፣ ትርጓሜውን በቁራጭ ወረቀት ጽፋችሁ ለዚህ ጽሑፍ አዘጋጆች አምጡልን። በየእትሙ እንገለብጠዋለን።

ያን ማታ የተሸነፈው ልጅ «አገር ስጠኝ» ቢባል የአባቱን የትውልድ ወረዳ ሰጠ። አይቶት አያውቅም፤ ስሙን ግን አልሳተም።