ባለብዙ ደረጃ ኢንቨርተር በኤሌክትሪክ መኪና

ባለብዙ ደረጃ ኢንቨርተር የባትሪን ቀጥተኛ ጅረት ወደ ባለሦስት ፌዝ ተለዋዋጭ ጅረት የሚቀይርና ቮልቴጁን ከሁለት በላይ በሆኑ እርከኖች የሚያወጣ መሣሪያ ነው። ባለሦስት ደረጃው የባትሪውን ቮልቴጅ በካፓሲተሮች ለሁለት ከፍሎ መሐሉንም ይጠቀምበታል።

አመጣጥ

የባለሦስት ደረጃው ፈጠራ በአብዛኛው የሚሰጠው ለጃፓናውያኑ አኪራ ናባኤ፣ ኢሳኦ ታካሃሺና ሂሮፉሚ አካጊ ሲሆን፣ እ.ኤ.አ. በ1981 ያሳተሙት ጽሑፍ የዘርፉ መነሻ ተደርጎ ይጠቀሳል። ይሁን እንጂ ሪቻርድ ቤከርና ሎውረንስ ባኒስተር በ1975 አሜሪካ ውስጥ ባገኙት ፓተንት፣ የተለያዩ ምንጮችን በተከታታይ አያይዞ እርከን የማውጣቱን ሐሳብ አስቀድመው አስመዝግበዋል። ቤከር መሐሉን በዳዮድ ለሚያያይዘው ዓይነትም በዚያው በ1981 ፓተንት ተሰጥቶታል። ስለዚህ ቀዳሚነቱን ለአንድ ወገን ብቻ መስጠት አይገባም። የጃፓናውያኑ ትልቅ አስተዋፅኦ ሌላ ይመስላል፤ ኢንቨርተሩን የመዘኑት ለብቻው ሳይሆን የሞተሩን ብቃት ጨምረው ነው። በመኪናም ላይ ትክክለኛው መመዘኛ ይኸው ነው።

በመኪና ላይ

ባለሦስት ደረጃውን በመኪና ላይ በመጠቀም ላይ የሚነሳው ተቃውሞ ቀላል አይደለም። የተለመደው ባለሁለት ደረጃ ኢንቨርተር ስድስት ትራንዚስተር ሲበቃው፣ በዳዮድ የሚሠራው ባለሦስት ደረጃ 12 ትራንዚስተርና 6 ዳዮድ ይፈልጋል፤ የመሐሉ ነጥብ ቮልቴጅም እንዳይዛባ ዘወትር መጠበቅ አለበት። በ2012 የወጣው የቴስላ ሞዴል ኤስ ኢንዳክሽን ሞተሩን ያንቀሳቀሰው በባለሁለት ደረጃ ነው፤ 400 ቮልት አካባቢ ለሆነ ባትሪም ይህ በቂ ነበር። የሲሊከን ካርባይድ ትራንዚስተር መምጣትም በማብራትና ማጥፋት የሚባክነውን ኃይል ስለቀነሰ ተቃውሞውን አጠናክሮታል። ነገር ግን ይህ ሒሳብ ኢንቨርተሩ ላይ ይቆማል። ፈጣኑ ትራንዚስተር ቮልቴጁን በቅጽበት ሲያዘልለው ጫናው የሚያርፈው ሞተሩ ላይ ነው፤ የጥቅልሉ ሽፋን ይጎዳል፣ በኩሽኔታው የሚያልፈው ጅረትም ኩሽኔታውን ይበላዋል። ባትሪው 800 ቮልት ሲሆን ባለሁለት ደረጃው በአንድ ጊዜ 800 ቮልት ያዘልላል፤ ባለሦስት ደረጃው ግን በየእርከኑ 400 ብቻ። ሞገዱ ወደ ሳይን ስለሚቀርብም በሞተሩ ብረትና መዳብ የሚባክነው ሙቀት ይቀንሳል። የተጨመሩት ትራንዚስተሮች ዋጋ መነጻጸር ያለበት ከዚህ ሁሉ ጋር ነው።

ተከታታይ ዓይነት

ብዙ ክፍሎች በተከታታይ ተያይዘው እርከኖቹን በሚያወጡበት ዓይነት፣ እያንዳንዱ ክፍል የራሱን የቀጥተኛ ጅረት ምንጭ ይፈልጋል። ይህ በፋብሪካ ከባድ ትራንስፎርመር ያስገድዳል፤ በመኪና ግን ባትሪው ራሱ ተከፋፍሎ ምንጭ ሊሆን ይችላል። ችግሩ፣ ከየባትሪው ክፍል የሚወጣው ጅረት ወደ ሞተሩ ከሚሄደው ተለዋዋጭ ጅረት በእጥፍ ድግግሞሽ ከፍ ዝቅ ማለቱ ነው።